የእትዬ ሩቅያ አውራ ጣት

ስልኩ ሲጠራ ቆላ ድባ ቢሮዬ ውስጥ የተማሪ ማኅደር እያስተካከልሁ ነበር። የደወሉት ጋሼ እንድሪስ ናቸው፤ የባሕር ዳሩ ጎረቤቴ፣ የእትዬ ሩቅያ ባለቤት። እሳቸው ያለ ነገር ስልክ የሚነኩ ሰው ስላልሆኑ ገና ስማቸውን ሳየው ልቤ ወረደ።

«አለሜ» አሉኝ፤ «እትዬሽ ጥላን ሄደች።»

«መጣሁ» ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ጎንደር ደርሼ ሌላ መኪና እስክይዝ፣ መኪናው እስኪሞላ፣ በየኬላው እየወረድን እስክንፈተሽ ቀኑ አለቀ። ባሕር ዳር ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ቀብሩም አልቋል። ሙስሊሞች ሬሳ እንደማያሳድሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መንገዱን ሁሉ «ቃሬዛው ከግቢ ሲወጣ ብቻ ልድረስ» እያልሁ ነበር የመጣሁት። አልደረስሁም። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰው ስለ ደግነታቸው ያወራል፤ እኔ የማስበው ስለ እጃቸው ነበር።

እትዬ ሩቅያ አጠር ያሉ፣ ሞላ ያሉ፣ ሲሄዱ ወደ ጎን ዘንበል ዘንበል የሚሉ ሴት ነበሩ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፤ እጅጌያቸው ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው ተሰብስቦ ነው። ተወልደው ያደጉት ሐይቁ ዳር ነው፤ አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ስለነበሩ ነፋስ ባደረበት ጠዋት ሁሉ ጀልባዎቹ መግባታቸውን መጠየቅ ልማዳቸው ነበር። ከዕድሜያቸው ግማሹን በጠዋት ዓሣ ከጀልባ በሚራገፍበት ቦታ ቢላ ይዘው አሳለፉት፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ዓሣ ሲያዘጋጁ ኖሩ። ቢላቸው ከመሳል ብዛት መንምኖ የእርሳስ ያህል ቀጥኖ ነበር። ግን ስለ ቢላቸው ማንም አያወራም። የሚወራው ስለ ቀኝ አውራ ጣታቸው ነው።

ሥጋውን ከአጥንቱ ከለዩ በኋላ ያን ጣት ከራስ ወደ ጅራት ይነዱታል፤ ከጅራት ወደ ራስ ይመልሱታል፤ ቀጥሎ ደግሞ አግድም ያስኬዱታል። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለት ሆኖ አያውቅም። ዓይናቸው ሥጋው ላይ የለም። ሰው ያዋራሉ፣ ይስቃሉ፣ የጎረቤት ዶሮ ያባርራሉ፤ ጣታቸው ግን ሥራውን ይሠራል። ድንገት ወሬያቸውን ያቋርጡና ዓሣውን «አለህ እንዴ?» ይሉታል። በጥፍራቸው ቆንጠር አድርገው ፀጉር የምታክል አጥንት ያወጣሉ።

«ዓይንሽን ተዪው» ይሉኝ ነበር፤ «ጣትሽ ይየው።»

የተዋወቅነው በሚያሳፍረኝ ነገር ነው። ባለቤቴ ሙሉቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠር፣ እኔም አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ሥራ አግኝቼ፣ ከአንበሳሜ ጠቅልለን ባሕር ዳር ገባን። ልጃችን ቤዛ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። አንበሳሜ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ ግን በእኛ ቤት ዓሣ አይበላም ነበርና አበላሉን አላውቅበትም። አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወጥተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ለቤዛም ቆርሼ አጎረስኋት። ትንሽ እንደቆየች ጉሮሮዋን ይዛ ፊቷ ጠቆረ። ሆስፒታል አድርሰናት፣ ሐኪሙ በመቆንጠጫ አጥንቷን እስኪያወጣላት ድረስ የነበረውን ጊዜ ዛሬም ማስታወስ አልፈልግም። ልጄ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ቀርቶ ሥጋም፣ እንቁላልም እንቢ አለች። በሽሮና በለስላሳ ዳቦ ብቻ ኖረች፤ ጉንጯ ጎደለ። እኔም ዓሣ የሚባል ነገር ደጃፌ እንዳይደርስ ማልሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እማማ ጥሩዓለም ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። እማማ ጥሩዓለም ቆራቢ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ፣ ቃላቸው ቆጠብ ያለ አዛውንት ናቸው። ከእኛ ፊት ለፊት እትዬ ሩቅያና ጋሼ እንድሪስ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ዕቃ ባስገባንበት ቀን እትዬ ሩቅያ ክዳን የተደፋበት ሳህን ይዘው መጡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ዕቃ ስታወርዱ ስለዋላችሁ ምሳ የላችሁም» ብለው አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ክዳኑን አነሣሁት። እንደ ጣት ተቆርጦ የተጠበሰ፣ ወርቅ የመሰለ፣ ላዩ ሻከር ያለ ነገር ነው። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ዓሣ ነው። ባለቤቴ ሳያየኝ ከቤት ጀርባ ይዤው ሄድሁና ለድመት ደፋሁት።

በማግሥቱ ሳህኑን አጥቤ ልመልስ ሄድሁ። እትዬ ሩቅያ ተቀበሉኝና «ወደደችው?» አሉኝ።

«ማን፣ ቤዛ?»

«ድመቲቱ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «ከሙስሊም ቤት ስለመጣ ከሆነ አይክፋሽ፤ ንገሪኝ» አሉ። «ዓሣ አይታረድም፤ ቢስሚላህም በስመ አብም አይባልበትም። የሁላችንም ነው ብዬ ነው እኮ ያመጣሁት።»

ያን ጊዜ አለቀስሁ። የቤዛን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ሲያዳምጡ ሳቃቸው ጠፋ፤ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው «ተነፈሰች?» አሉኝ፤ ልጅቷ በሕይወት መኖሯን እያዩ። «ተነፈሰች» አልኋቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ነገ ከሥራ ስትመለሺ እጅሽን ታጥበሽ ነይ። ልጅቷንም አምጫት፤ ብይ እንዳትያት ብቻ።»

ለምን እንደሄድሁ አላውቅም። ምናልባት ያፈርሁበትን ለመካስ ይሆናል። ስደርስ በሳፋ ውስጥ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሦስት ተቀምጧል። ነጭ ዓሣ የሚባለውን አጥንተ ብዙ ዓይነት ለልጅ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ቀረሶ ግን አጥንቱ መንገድ አለው፤ መንገዱን ካወቁት አያታልልም ይላሉ። በቢላቸው ጎንና ጎኑን ገፈፉና ሥጋውን ብቻ ሳንቃ ላይ ዘረጉት። ጣቴን ይዘው መሐል ለመሐል አስኬዱት።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

«ቸኮልሽ። ሕፃን ተኝቶ ግንባሩን እንደምትዳስሺው አድርጊ።»

ደግሜ ነዳሁት። ከጣቴ ሥር እንደ መርፌ ጫፍ የሚቆረቁር ረድፍ አገኘሁ። በዚያ በኩልና በዚህ በኩል ቆርጠው ያን ረድፍ እንዳለ አወጡት። ከዚያ ሦስቱ ዳሰሳ መጣ። የተረፈውን እንደ ጣት እንደ ጣት አድርገው ሸነሸኑት፤ በጨው፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ አሽተው ጥቂት አቆዩት። ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ አደረቁት። እኔ ይህን ነገር እንደ ቅንጦት ቆጥሬው «ይኼስ ምን ያደርጋል?» አልሁ።

«እርጥብ ገላ ላይ ልብስ ይለጠፋል እንጂ ይለበሳል?» አሉኝ።

ሽፋኑን ልብስ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት፤ እሱ ካናቴራው ነው። ቀጥሎ የተመታ እንቁላል። ከላይ ደግሞ ካባው፤ ካባው የከረመ ዳቦ ነው፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው በሙቀጫ ይወቅጡታል እንጂ አያደቁትም። «ከደቀቀ ዱቄት ነው፤ ከሻከረ ነው የሚጮኸው።» ያለበሱትን ትሪ ላይ ደርድረው ወዲያው አይጠብሱትም፤ ልብሱ ገላውን እስኪለምድ ያሳርፉታል። ዘይቱን በፍርፋሪ ይጠይቁታል፤ ፍርፋሪዋ ወጥታ ከጨፈረች ጊዜው ደርሷል። አራት አራት እንጂ አብዝተው አይጨምሩም። እያንዳንዷን ሲያስገቡ «ግቢ፣ በሰላም ግቢ» ይሏታል። ሲወጣ ሳህን ላይ አይቆልሉትም፤ በወንፊት ላይ ነጠል ነጠል አድርገው ያስቀምጡታል፤ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይልፈሰፈሳል።

ቤዛ የበሩን መቃን ጨብጣ ቆማለች። እትዬ ሩቅያ አንዷን አንሥተው ጆሮዋ አጠገብ ሰበሯት። ቀጭ አለች።

«ሰማሻት?»

ቤዛ የተሰበረችውን አየቻት።

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬ አይሰማም። አንቺ ሰብረሽ ንገሪኝ፤ የማትጮህ ካለች አልተጠበሰችም።»

ልጄ ያን ቀን የትሪውን ሁሉ ሰበረችው። አንድም አልቀመሰችም። እትዬ ሩቅያም ብይ አላሏትም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰብራ ውስጡን በጣቷ መፈተሽ ጀመረች። አንድ እሑድ እኔና እትዬ ሩቅያ ስናወራ ከኋላችን የማኘክ ድምፅ ሰማን። ዘወር ልል ስል እትዬ ሩቅያ ክርኔን ያዙኝ። «አትዙሪ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ወሬሽን ቀጥይ።» ምን እንዳወራሁ አላውቅም፤ እንባዬ እየወረደ አወራሁ። ቤዛ ያን ቀን አምስት በላች። ምግቡንም «የሚጮኸው ዓሣ» ብላ ስም አወጣችለት፤ በግቢው ሁሉ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገራቸው ማር ነበር ማለቴ አይደለም። ምላሳቸው ይቆርጣል። ያደረ ዓሣ ሊሸጥላቸው የሞከረን ሰው ዓሣውን በጭራው ይዘው «ይኼ ከሞተ ሰደቃው ወጥቷል!» ብለው ገበያውን አስቀውበታል። እልኸኛም ናቸው። አሠራሩን ደብተር ላይ ስጽፍ ካዩኝ ይቆጣሉ፤ «እሱ ደብተር አጥንት ይዳስሳል?» ይላሉ። ስኳር እንዳለባቸው ሐኪም ከነገራቸው በኋላ እንኳ ክኒናቸውን የሚውጡት ጋሼ እንድሪስ ፊታቸው ቆመው ካዩ ብቻ ነበር።

በአንድ የፍልሰታ ጾም ሰሞን ከተማው ውስጥ ተኩስ ሆነ። ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ሱቅ ተዘግቷል፣ መብራት የለም። እትዬ ሩቅያ በዋዜማው ለእኅታቸው ልጅ ኒካሕ ብለው አንድ ሳፋ ሙሉ ዓሣ አስመጥተው ነበር፤ ኒካሑ ቀረ፣ ዓሣው ግን አለ። ጠዋት በሬን ቆረቆሩ።

«አለሜ፣ ቢላሽን ይዘሽ ነይ። ይኼ ዓሣ ዛሬ ካልተጠበሰ ነገ አይሆንም። በግቢው ውስጥ ስንት ሰው ነን?»

ቆጠርን፤ ከልጆቹ ጋር አሥራ አንድ ነን።

ጾም ስለሆነ እንቁላሉን ትተው የሽንብራ ዱቄት በውኃ በጠበጡ፤ እሱ እንቁላሉን ተካ። ከሰል አቀጣጠልን። ዓሣውን ከመጀመራቸው በፊት ግን ድንች ላጡ። እንደ ዓሣው ሸንሽነው፣ እንደ ዓሣው አልብሰው ጠበሱትና ሳህን ላይ አድርገው ወደ እማማ ጥሩዓለም ይዘው ሄዱ። እኔም ተከተልሁ። እማማ በጾም ዓሣ አይበሉም፤ ከዚያም በላይ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከእትዬ ሩቅያ እጅ አንድ ነገር ቀምሰው አያውቁም።

«እማማ» አሏቸው እትዬ ሩቅያ፤ «ይኼ ድንች ነው። ዘይቱ አዲስ ነው፤ ዓሣ አልገባበትም። መጥበሻውንም ቢላውንም ያመጣሁት ከአለሜ ቤት ነው። ከጾምዎ የሚያወጣ ነገር የለበትም።»

እማማ ሳህኑን አዩት፤ ቀጥሎ እትዬ ሩቅያን አዩዋቸው። ሩቅ ቦታ ተኩስ ይሰማል። ሰዓታቸው ሲደርስ አማትበው አንዷን አነሡ፣ ቀመሱ፣ አኘኩ።

«ጨው አንሶታል» አሉ። ሳህኑን ግን ባዶውን ነው የመለሱት። በማግሥቱም ድንቹን ራሳቸው ልጠው ጠበቁ።

ሕፃናቱ ተኩሱ በተሰማ ቁጥር ይደነግጣሉ። እትዬ ሩቅያ መሬት ላይ በተነጠፈ አንድ ጂባ ላይ በክብ አስቀመጧቸውና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጣት ዓሣ አስያዟቸው። «እኔ አሁን ስል ሁላችሁም ባንዴ ትነክሳላችሁ። ማን እንደሚበልጥ እናያለን፤ እሱ ይጮሃል ወይስ እኛ!» ጥይቱ ሲንጣጣ «አሁን!» ይላሉ፤ ልጆቹ ባንዴ ይነክሳሉ፤ ከዚያ ይስቃሉ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ያደረውን ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ያገላብጡታል፤ ጩኸቱ ይመለሳል።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሁሉም በልቶ ሲያበቃ፣ እሳቸው ጥግ ላይ ደረቅ ዳቦ በሻይ ሲበሉ አየሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ከተዋወቅን ዓመታት አልፈዋል፤ ዓሣ ሲበሉ አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም።

«እትዬ፣ ዓሣ አይወዱም እንዴ?»

ሻዩን አስቀመጡ። «ወንድም ነበረኝ» አሉ። «መሐመድ ይባላል። ያኔ ስትመጡ ቤዛ የነበረችውን ያህል ነበር። እናታችን ገበያ ሄዳ እኔን አብይው አለችኝ፤ እኔ ምናልባት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ነጭ ዓሣ ነበር የተቀቀለው። ለቅሜ ለቅሜ ነው ያበላሁት። ጨረስሁ ብዬ ነው።» እጃቸውን አዩት። «አባቴ ታንኳ ላይ ጭኖት ወደ ከተማ ቀዘፈ። እኔ ራሱን ይዤለታለሁ። አልደረስንም።»

አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።

«ከዚያ ወዲህ ዓሣ አፌ አልገባም። ግን ከዓሣ የት ልሂድ? ዓሣ ነው ያሳደገን። ስለዚህ እኔ ካልበላሁት ሌላው ሰው ሳይፈራ ይብላው አልሁ።» ይህን ብለው ዳቧቸውን አነሡ። እኔም ሁለተኛ አላነሣሁባቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቅዳሜ አብረን ስንሠራ እሳቸው ዳስሰው «ንጹሕ ነው» ብለው ያቀበሉኝን ሥጋ በልማድ ዳሰስሁት። ጣቴ ቆመ። አጥንት ነው፤ ደህና የሚታይ አጥንት። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እየሳቁ ያወራሉ። አጥንቷን አውጥቼ ሽርጤ ኪስ ከተትኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት አገኘሁ። ስኳሩ ጣታቸውን እያደነዘዘው እንደሆነ ገባኝ። መናገር ነበረብኝ። ግን ጣትዎ አልሠራ ብሏል ብሎ የሚነግራቸው ማን ነው? ዝም አልሁ። ለብዙ ሳምንታት ከኋላቸው እየዳሰስሁ፣ እያወጣሁ፣ እየደበቅሁ ቆየሁ።

አንድ ቀን ሽርጤን ሳላስበው ገመድ ላይ ሰቅዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ እትዬ ሩቅያ ኪሱን ይዘው ቆመዋል። መዳፋቸው ላይ ሦስት ቀጫጭን አጥንት አለ።

«እነዚህ ከየት መጡ?»

«እትዬ...»

«ከእኔ ጣት ያመለጡ ናቸው?»

«ናቸው» አልሁ።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። «እኔን ልታስከብሪ ብለሽ» አሉኝ፤ «የሰው ልጅ ልታስገድዪኝ ነበር። አንድ ቀን ብታመልጥሽስ? አንቺ ሥራ ውለሽ እኔ ለብቻዬ ብሠራስ? ለጎረቤት ልጅ ብሰጥስ?»

ልክ ናቸው። ቢላቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቀን ወዲያ ዓሣ አልበለቱም። እኔንም አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። እኔ የደበቅሁላቸው ኩራታቸው እንዳይነካ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ኩራታቸው ከልጅ ጉሮሮ ጋር የሚመዘን ነገር አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን በርጩማቸውን ተሸክመው መጥተው ከማድቤቴ በር ላይ ተቀመጡ። «በይ ሥሪ፤ እኔ ተቀምጬ እሳደባለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዳሳሿ እኔ ሆንሁ። እሳቸው ጆሯቸውን ይሰጣሉ፤ የዘይቱን ድምፅ ሰምተው «አሁን ገልብጪ» ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ስለ ጣታቸው ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ሙሉቀን ቆላ ድባ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ልንሄድ ስንል፣ በዋዜማው ቀን ዕቃችን ታስሮ፣ አንድ መጥበሻና አንድ ከሰል ማንደጃ ብቻ ቀርቶን፣ የሚጮኸውን ዓሣ ሠራሁ። የግቢው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ ሩቅያ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ሳህኑን አዙሬ ሳበቃ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ዳስሰሽዋል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«አምጪው።»

የሰማሁትን አላመንሁም። ጋሼ እንድሪስም ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። እትዬ ሩቅያ አንዷን አነሡ፤ የደነዘዙት ጣቶቻቸው አጥብቀው ያዟት። ጫፏን ነከሱ። ቀስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ አኘኩ።

«ይኼን ነው ለካ ሰው ሁሉ የሚያወራው!» አሉና ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «መሐመድዬ እኮ እየሳቀ ነበር የሚበላው። ያን ረስቼው ኖሬያለሁ። ጣፍጦት ነበር፤ እየሳቀ ነበር።» ጠርገው ሁለተኛ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው።

ያ የመጨረሻ ቀናችን ሆነ። ቆላ ድባ ከሄድን በኋላ በስልክ እንገናኝ ነበር፤ «በዓሉ ሲደርስ እመጣለሁ፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ» እያልሁ ጊዜው አለፈ። መጨረሻ ላይ ኩላሊታቸውን አሟቸው እንደነበርም የሰማሁት ድንኳኑ ውስጥ ነው። እንዳይነግሩኝ ያዘዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው አሉኝ።

ሰዉ ቀለል ሲል ጋሼ እንድሪስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከሲታ ሆነዋል። አፅናናኋቸው፤ እሳቸውም እኔን አፅናኑኝ። ከዚያ የዚያን ዕለት ጠዋት የሆነውን ነገሩኝ።

«ነግቷል» አሉ፤ «ዓይኗን ገለጠች። ሌሊቱን አታውቀኝም ነበር፤ አሁን ግን ስሜን ጠራችኝ። ‹ነፋስ አለ?› አለችኝ። ‹ትንሽ አለ› አልኋት። ‹ጀልባዎቹ ገቡ?› አለችኝ።»

ጋሼ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለሜ? ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ግን ‹ገብተዋል› አልኋት። ‹ሁሉም?› አለችኝ። ‹ሁሉም› አልኋት። ‹እሰይ› አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

«ሴቶቹ ሊያጥቧት ሲገቡ እኔ ወጣሁ» አሉኝ። «እግሬ ራሱ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። የመጨረሻ ቃሌ ውሸት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። ቆሜ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ገብተው ነበር፣ አለሜ። ሁሉም ገብተው ነበር።»